«አጀርን» የሚለውን ግሥ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት እንጠቀምበት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የፕሮጀክት ቢሮ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ስብሰባው በአማርኛ ነው፤ ለረጂው የሚላከው ቃለ ጉባኤ ግን በእንግሊዝኛ። የመንዝና የአንኮበር ባለሙያዎች ሳይመሽባቸው መመለስ ስላለባቸው አጀንዳው ሳያልቅ «ቀሪው በይደር ይቆይ» ይባላል። አዳዲስ ልጆች ይህንን «ካንስልድ» ወይም «ፖስትፖንድ» ብለው አርቅቀው ያመጡልኛል። «ካንስል» ጨርሶ መሰረዝ ነው፤ «ፖስትፖን» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተጀመረን ነገር ወደፊት መግፋት። ተጀምሮ፣ ሰው ተናግሮበት፣ ቀሪው ለሌላ ቀን ሲያድር ቃሉ «አጀርን» ነው። ፍርድ ቤት ላይ ሰፋ ይላል፤ ክርክሩ ሳይሰማ የተቀጠረ መዝገብም «አጀርንድ» ይባላል።

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። በቃሉ ውስጥ ያለችው «ዡር» ቀን ማለት ናት፤ «ቦንዡር» ውስጥ ያለችው። የመጀመሪያ ትርጉሙም ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ቀን መቁረጥ ነበር፤ የእኛ ዳኛ «መዝገቡ ለመጋቢት 12 ተቀጥሯል» እንደሚሉት። «ዡር» ራሷ «የዕለት» ከሚለው ከላቲኑ «ዲዩርኑስ» የመጣች ናት። «ጀርናል» እና «ጀርኒ» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። «ጀርኒ» ድሮ የአንድ ቀን መንገድ ማለት ነበር፤ ርቀትን በቀን ሲቆጥር ለኖረ የመንዝ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስትጽፉት ከ«ኤ» ቀጥላ «ዲ» አለች፤ ላቲን እንዲመስል ኋላ የገባች ናት፤ ለብቻዋ አትነበብም።

አጀንዳው ቢያልቅም ባያልቅም የቃለ ጉባኤው መዝጊያ «ዘ ሚቲንግ ዎዝ አጀርንድ አት 4፡00 ፒኤም» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀሪ ጉዳይ ካለ «አንቲል» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩ፤ ካልጨመራችሁ አንባቢው ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ለምሳ ከሆነ «ፎር ላንች»። «ቱ» ከተከተለው ወደ ሌላ ቦታ መሄድም ይሆናል፦ «ዊ አጀርንድ ቱ ዘ ካፌ»። ይህኛው ትንሽ ቀልድ አለበት፤ ለደብዳቤ አይሆንም። ለጓደኛ የቡና ቀጠሮም ቃሉ ይከብዳል።

ከግሡ በላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱና ቀኑ ነው። በእኛ 10 ሰዓት ላይ የተበተነ ስብሰባ በእነሱ 4፡00 ፒኤም ነው። «ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 14» ከተባለ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 22 ይውላል፤ በእኛ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ጥር ግን ጃንዋሪ 23። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ቀን ሳይቆረጥ ከተበተነስ? ለዚያ «አጀርንድ ሳይኒ ዳይ» የሚል አለ፤ ከላቲን የመጣ፣ «ያለ ቀን» ማለት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ የጉባኤ ዘመኑን የሚዘጋው በዚህ ነው። ለእኛ ቢሮ ግን አልመክረውም፤ ረጂው ፕሮጀክቱ የተዘጋ ይመስለዋል። «ቀጣዩ ቀን በሰብሳቢው ይገለጻል» ብላችሁ ጻፉ።