የቀድሞ ወታደር የአገልግሎት ማህደር ሲታረም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለጅማና ለአካባቢዋ ባለጉዳዮች

በአንድ የቀድሞ ወታደር የአገልግሎት ማህደር ላይ ያለ ስህተት ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆይና ባለጉዳዩ ጡረታ ሊጠይቅ፣ የጉዳት አበል ሊያስወስን፣ ወይም እሱ ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ መብቱን ሊያስከብር ሲቀርብ ድንገት ይወጣል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ችግሩ ይበረታል፤ ማህደሩ በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን የቀበሌው መታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በላቲን ፊደል የተዘጋጀ ነው፤ ማህደሩ የሚያውቀው አውራጃና ክፍለ ሀገርም ዛሬ የለም። ይሁን እንጂ ብዙውን ሰው ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትተው የስህተቱ ክብደት አይደለም። የሚያንከራትተው እርማቱን ከመጨረሻው ወረቀት መጀመሩ ነው።

አዲሱን ወረቀት አስቀድሞ መለወጥ

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ማህደሩ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ያለው ሰው በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያውን በማህደሩ ልክ ያስቀይራል፤ ከዚያም የባንክ ሂሳቡ፣ የቤቱ ይዞታ ማረጋገጫና የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ከአዲሱ መታወቂያ ጋር መጋጨት ይጀምራሉ። አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን ሦስት ይከፍታል ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ጋር እየተሳሰረ በመጣበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ በችኮላ የተለወጠ ስም ወደ ነበረበት ለመመለስ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ሌላም ነገር አለ። ማህደሩን የሚመረምረው ባለሙያ ባለፈው ወር ለታተመ መታወቂያ ብዙ ክብደት አይሰጥም፣ አለመስጠቱም ትክክል ነው፤ ለጉዳዩ ተብሎ የወጣ ወረቀት ስለ ጉዳዩ ሊመሰክር አይችልምና። ክብደት ያለው ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት የተጻፈው ነው፦ የቅጥር ወይም የምልመላ ቅጽ፣ የማዕረግ ዕድገት ትእዛዝ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ የሕክምና ካርድ፣ የስንብት ደብዳቤ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የስንብት ወረቀት ሳይዙ በእግራቸው ወደ ቀያቸው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን ለማቋቋም በዚያው ዓመት የተመሠረተው ኮሚሽን ሲመዘግባቸው የሰጣቸው ወረቀት ካለ፣ ቢያረጅም ቢቀደድም፣ እንደ ዋና ማስረጃ ሊጠብቁት ይገባል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ፕላስቲክ አስለብሶ ማሸግ ጥሩ አይደለም፤ ማኅተሙንና ቀለሙን በቅርብ ለመመርመር ያስቸግራልና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ «ይታረምልኝ» የሚል መሆን የለበትም። «በማህደሬ ውስጥ ስለ ስሜ፣ ስለ ልደት ዘመኔ፣ ስለ ቅጥርና ስንብት ቀኔ የተጻፈው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» የሚል ቢሆን ይሻላል። ምን እንደተጻፈ ሳያውቁ እርማት የሚጠይቁ ሰዎች ያልተሳሳተውን አስነክተው የተሳሳተውን ትተው ይመለሳሉ።

ልዩነትን ሁሉ ስህተት ብሎ መቁጠር

አንድ በሊሙ የተወለደ ወታደር በማህደሩ ላይ የትውልድ ቦታው «ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ሊሙ አውራጃ» ተብሎ ይገኛል፤ መታወቂያው ግን ኦሮሚያ ክልል፣ ጅማ ዞን ይላል። ይህን አይቶ ደንግጦ «የትውልድ ቦታዬ በስህተት ከፋ ተብሏል» ብሎ ቢያመለክት እውነተኛውን መዝገብ ሐሰት ማለቱ ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ የዛሬው ከፋ ዞን ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የሚገኝ ሌላ አስተዳደር ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው እርማት ሳይሆን፣ በቀድሞው አጠራር እንዲህ ይባል የነበረው ቦታ ዛሬ በዚህ ዞንና ወረዳ ሥር እንደሚገኝ የሚገልጽ የወረዳው ደብዳቤ ነው። በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር የተጻፉ የድሮ የከተማ አድራሻዎችም በዚሁ መንገድ ይብራራሉ።

በተመሳሳይ ሁኔታ «ሙሐመድ»፣ «ሙሀመድ» እና «መሐመድ»፣ ወይም «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በሚሉ አጻጻፎች መካከል ያለው ልዩነት የፊደል ምርጫ እንጂ የሰው ልዩነት አይደለም። አንዳንድ ቢሮ ይህንንም አልቀበልም ሊል ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ የሚጠየቀው ማስረጃ «ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል እንጂ ስም ይለወጥልኝ የሚል መሆን የለበትም።

ስም በቅጹ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደገባ አለመመርመር

የጅማን አባቶች ስም የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። «አባ ጅፋር» እንደሚባለው ሁሉ በአካባቢው የብዙ ሰው አባትና አያት «አባ» በሚል ቅጥያ ይጠራል። ለምሳሌ «ከድር አባ ቢያ አባ ፎጊ» የሚባል ወጣት ሦስት ሳጥን ብቻ ባለው ቅጽ ላይ ሲመዘገብ፣ አገሩን የማያውቅ ጸሐፊ ስም «ከድር»፣ የአባት ስም «አባ»፣ የአያት ስም «ቢያ» ብሎ ይሞላዋል፤ አባ ፎጊ ከነጭራሹ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ አባቱ «አባ ቢያ»፣ አያቱ «አባ ፎጊ» የሆነ ከድር ሲፈለግ በመዝገቡ አይገኝም። ሌላው ችግር አባትየው በሰፈር የሚታወቅበት የአባ ስም ተመዝግቦ በሌላው ሰነድ ላይ የወጣለት ስም መገኘቱ ነው፤ ይህ ከአጻጻፍ ልዩነት የከበደ ስለሆነ በፍርድ ቤት የሚሰጥ የስም ማረጋገጫ ያስፈልገው ይሆናል።

ወደ ላቲን ፊደል ሲመጣ ደግሞ በእንግሊዝኛ አነባበብ የለመደ ጸሐፊ ሌላ ስህተት ይጨምራል። «ጫላ» የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ፊደል ስለሚጀምር «ካላ» ተብሎ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይችላል፤ የ«ጠ» ድምፅ በ«ኤክስ» ስለሚጻፍም እንደ «ጥላሁን» ያለ ስም ሳይቀር ለማያውቀው ግራ ያጋባል። ከጅማ የሚወጣ የቀበሌ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላክ ከሆነ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተርጎም፤ ተርጓሚውም ስሙን ከማህደሩ አጻጻፍ ጋር እያስተያየ እንዲጽፈው ቅጂውን አስቀድመው ያሳዩት። ትርጉሙ አንዴ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት ከወጣ በኋላ «አንዲት ፊደል ናት» ብሎ ማለፍ ሌላ የእርማት ማመልከቻ መጋበዝ ነው።

ዘመን አቆጣጠርን ማደባለቅ

በማህደሩ ውስጥ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ቀኖች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት እንኳ የላቸውም። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት ነው ብሎ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ወር ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ስምንት የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳር 1970 ላይ የተቀጠረ ሰው በእነሱ አቆጣጠር የ1977 ነው፤ ጥር 1970 ላይ የተቀጠረው ግን የ1978። «12/5/70» የሚል ጽሑፍ ሲገኝም ጥር 12 ነው ወይስ ነሐሴ 5 የሚለውን በግምት ከመወሰን ይልቅ በዚያው ገጽ ላይ ያሉትን ሌሎች ቀኖች አይቶ ጸሐፊው ቀን ያስቀድም እንደነበር ማረጋገጥ ይገባል። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ ልዩ ፈተና አለበት፦ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ኮምፒውተር የእሱን ልደት አይቀበልም፤ መዝጋቢውም ነሐሴ ወይም መስከረም አድርጎ ያልፈዋል። ጳጉሜን 3 ቀን 1950 ዓ.ም. በእነሱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1958 መሆኑን አስልቶ ይዞ መሄድ ክርክሩን ያሳጥራል።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። የጡረታ ሕጉ የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ ለመመልመል ብለው ዕድሜያቸውን ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ያስመዘገቡ ሰዎች ዛሬ «እውነተኛው ይህ ነው» ቢሉ ተቀባይነት የማግኘታቸው ዕድል ጠባብ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አወጣለሁ ማለትም ብዙ አይረዳም፤ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የታወጀው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ የአንድ ሽማግሌ ልደት ምስክር ወረቀት የሚወጣው በራሱ ቃል ወይም በመታወቂያው ላይ ተመሥርቶ ነው። ከሠራዊቱ ከተመለሱ በኋላ በትምህርት ቤት ወይም በመንግሥት ቢሮ በጥበቃነት ተቀጥረው ሁለተኛ ማህደር የተከፈተላቸው ሰዎች ሁለቱ የልደት ዘመኖች መስማማታቸውን ሳያጣሩ የሁለቱን አገልግሎት አንድ ላይ ይደመርልኝ ብለው ባይቀርቡ ይሻላል። በሁለቱ መካከል የአራት ዓመት ልዩነት ተገኘ ማለት ባለሙያው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

የአገልግሎት ዘመንን በጅምላ መናገር

«አሥራ አምስት ዓመት ያህል አገልግያለሁ» የሚል ማመልከቻ ለማንም አይጠቅምም። ሚሊሻ ሆነው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥነው የዘመቱ፣ በብሔራዊ ውትድርና የተጠሩና በመደበኛው ጦር የተቀጠሩ ሰዎች የመዝገብ አያያዝ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ በየትኛው መንገድ እንደገቡ፣ የት እንደሰለጠኑ፣ በየትኛው ክፍለ ጦር፣ ብርጌድና ሻለቃ ሥር ከመቼ እስከ መቼ እንደነበሩ፣ መለያ ቁጥርዎንና ማዕረግዎን ጭምር በተራ ይጻፉ። አንድ ዓመት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማወቅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 በተተካው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ተቀምጦ የነበረውን ስሌት ማየት ይበቃል፦ አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይወሰን ነበር፤ ከአሥር በላይ ለሆነው እያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመር ነበር፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የነበረ ሰው አንድ ዓመት ከማህደሩ ቢጎድልበት በየወሩ 99 ብር ያጣል፤ በዘመን አቆጣጠር ስህተት ስምንት ዓመት ቢጎድል ደግሞ 792 ብር። ስህተቱ ለባለጉዳዩ ያደላ በሚሆንበት ጊዜም ዝም ማለት አያዋጣም፤ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ኋላ ሲደረስበት ከአበሉ ላይ እየተቀነሰ ሊመለስ ይችላል።

ጉዳትን በዛሬ ራጅ ብቻ ማስረዳት

በሰውነት ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ በራጅ ይታያል፤ የት፣ መቼና በምን ግዳጅ ላይ እንደገባ ግን ራጁ አይናገርም። ማህደሩ ላይ ጉዳቱ እንደ ተራ ሕመም ተመዝግቦ ከሆነ፣ በጊዜው የታከሙበትን የጦር ሆስፒታል ካርድ፣ የክፍሉን የጉዳት ሪፖርት ወይም የሕክምና ቦርዱን ውሳኔ ማፈላለግ ይቅደም፤ ራጁ ተከትሎ ይመጣል።

የምስክሮችን ቃል አንድ ዓይነት ማድረግ

ሦስት ምስክሮች በአንድ ጸሐፊ እጅ፣ በአንድ ቃል፣ በአንድ ቀን የፈረሙበት ወረቀት ከአንድ ምስክር ያነሰ ዋጋ አለው። የጎረቤት ሽማግሌ ስለ ስምዎና ስለ ቤተሰብዎ እንጂ ስለ ጦር ክፍልዎ ሊመሰክር አይችልም፤ ስለ አገልግሎት ዘመን የሚመሰክረው አብሮ የነበረ ሰው ነው፣ እሱም ራሱ በዚያ ክፍል እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። በሌላ ሰው ስም ዘምቶ የነበረ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩን በምስክር ለመሸፈን ከመሞከሩ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር፤ ሐሰተኛ ምስክርነትና ሐሰተኛ ሰነድ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጡ ናቸው።

ዋናውን ሰነድ ለጉዳይ ገዳይ ስለ መስጠት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አይስጡ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በየጊዜው መመላለስ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። የሚሻለው ግን ለሚያምኑት ዘመድ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል የተወሰነ የውክልና ሥልጣን ሰጥተው የተረጋገጠ ቅጂ አስይዘው መላክ ነው፤ ዋናው እቤት ይቀመጣል።

የሚስትንና የልጆችን መዝገብ መርሳት

ባለጉዳዩ የራሱን ስም ሲያሳርም የቤተሰቡን ገጽ አይከፍትም። በውትድርና ዘመኑ ያስመዘገባት ሚስት በፍቺ ተለይታ ሊሆን ይችላል፤ በሸሪዓ ወይም በባህል ሥርዓት ያገባት የዛሬ ሚስቱ ደግሞ ጭራሽ ላትመዘገብ ትችላለች። ከላይ በተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት የሟች ሚስት ከጡረታው 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ የማግኘት መብት ነበራቸው። ባልየው በሕይወት እያለ በአንድ የጋብቻ ማስረጃና በአንድ ማመልከቻ የሚስተካከለው ነገር እሱ ከሞተ በኋላ በሁለት ሴቶች መካከል የፍርድ ቤት ክርክር ይሆናል።

በቃል መልስ ረክቶ መመለስ

«ፋይሉ አልተገኘም» ወይም «አይቻልም» የሚል የቃል መልስ ይግባኝ አይባልበትም። ማመልከቻዎን በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በግልባጩ ላይ ያስጽፉ፣ መልሱንም በደብዳቤ ይጠይቁ፤ በማኅበራዊ ዋስትና ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚው ጉባዔ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው የተጻፈ ውሳኔ በእጁ ሲኖር ነው፤ በሕጉ የተወሰነው ጊዜም ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ይቆጠርበታል። እርማቱ ከተፈቀደም በኋላ ደብዳቤው ከመከላከያ በኩል ወጥቶ ጡረታ በሚከፍለው መሥሪያ ቤት ገቢ መዝገብ ላይ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ ሁለቱ ቢሮዎች በየራሳቸው ማህደር የሚሠሩ በመሆናቸው፣ በአንዱ የታረመ ስም በሌላው እንደ ድሮው ሆኖ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ሲጠራ ሊሰሙት ይችላሉ። የወጪ ቁጥሩን ይዘው የጅማው ቅርንጫፍ ዘንድ ቢቀርቡ፣ ደብዳቤው መግባት አለመግባቱን ከመዝገቡ አይተው ይነግሩዎታል።