የሚበር ወፍ ፎከስ እንዳይስት፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሠሩ ቅንብሮች

የሚበር ወፍ ደብዝዞ ሲወጣ ብዙ ሰው ሌንሱን ይወቅሳል። መጀመሪያ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ከወፉ ኋላ ያለው ሸምበቆ ጥርት ካለ ፎከሱ እዚያ አርፏል ማለት ነው። ዓይኑ ጠርቶ የክንፉ ጫፍ ብቻ ከተጎተተ ግን ጥፋቱ የሻተር ፍጥነት ነው፤ የፎከስ ቅንብር ብትቀያይሩ ለውጥ የለውም። 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጉት። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ቢደርስ ይድረስ።

ፎከሱን ተከታታይ አድርጉት፦ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ፣ ካኖን ላይ ሰርቮ። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ላይ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 6.3 የሌንስ ቀዳዳ፣ 10 ሜትር ላይ ያለ ወፍ ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወፉ ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ አንዴ ይዞ የሚቆም ፎከስ ወዲያው ያመልጠዋል።

ቀጥሎ ፎከሱን ከሻተሩ ቁልፍ ለዩና ከካሜራው ኋላ ላለው ኤኤፍ-ኦን (AF-ON) ቁልፍ ስጡት። አውራ ጣት ሲጫን ይከተላል፣ ሲለቅ ባለበት ይቆያል። በሜኑው ውስጥ የሻተሩን ግማሽ መጫን ከፎከስ ማውጣት አትርሱ፤ ያለዚያ ሁለቱም ይሠራሉ።

ሸምበቆ ውስጥ ላረፈ ወፍ አንድ የፎከስ ነጥብ፣ ሰማይ ላይ ላለ ሰፊ ዞን ይሻላል። ካሜራው የወፍ ዓይን የሚለይ ከሆነ ዒላማውን «ወፍ» ላይ አድርጉት። ቅጠል መሐል ሲሳሳት ግን አትከራከሩት፣ ወደ አንድ ነጥብ ተመለሱ።

ብዙዎችን የሚያደናግረው የክትትል ስሜት ነው፤ ይኸውም ሌላ ነገር መሐል ሲገባ ፎከሱ ምን ያህል ቶሎ ወደ እሱ እንደሚዘል የሚወስነው ቅንብር ነው። መሐል የሚገባውን ሸምበቆ ችላ እንዲል ካኖን ላይ ወደ -2፣ ኒኮን ላይ ወደ 5፣ ሶኒ ላይ ደግሞ ወደ 1 ውሰዱት። አዎ፣ የኒኮንና የሶኒ ቁጥሮች ተቃራኒ ናቸው። ጉዳቱ፣ መጀመሪያ የያዘው ሸምበቆውን ከሆነ እሱንም አልለቅም ይላል፤ አውራ ጣታችሁን አንስታችሁ እንደገና ተጫኑ።

ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃው ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ይቆምና በድንገት ይወረወራል። የሌንሱ ፎከስ 3 ሜትር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ 40 ሜትር ላይ ያለው ወፍ ጭልጭል ያለ ጥላ ሆኖ እንኳ አይታይም፤ ካሜራውም የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለዚህ ወፉ ከመምጣቱ በፊት በተመሳሳይ ርቀት ያለች ጀልባ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ጠብቁ። ሲቆም ያዙት፤ ሲወረወር ግን አብራችሁት ውረዱ እንጂ ውሃው ላይ አትጠብቁት።

በሌንሱ ጎን ያለው የርቀት መገደቢያ እዚህ ይጠቅማል። የሶኒ 200-600 ላይ ከ10 ሜትር በላይ የሚለውን ከመረጣችሁ ሌንሱ ቅርብ ርቀት ላይ ሲዋልል ጊዜ አያጠፋም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስትደርሱ ግን ወደ ሙሉው ርቀት መልሱት፦ የዓሣ ፍርፋሪ የለመደው አባ ኮዳ (ትልቁ ወፍ) አጠገባችሁ ይቆማል፣ ካሜራውም ምክንያቱን ሳይናገር ፎከስ እምቢ ይላል።

ረፋዱ ሲገፋ ከውሃው የሚነሳው የሙቀት ሞገድ የሩቁን ወፍ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን የሚያስተካክል ሜኑ የለም። ያኔ ሩቁን ንስር ተዉትና አባ ኮዳውን አንሱ።