ቀፎ ከመግዛትዎ በፊት ምክር ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም ጠብቶ በጎንደር ዙሪያ ሜዳው አደይ አበባና ማገጥ ሲለብስ፣ ማሳው በኑግ ቢጫ ሲሆን፣ ንብ ለማነብ የሚነሳሳ ሰው ይበዛል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ በዓመቱ ያ ቀፎ ባዶውን ጓሮ ቆሞ ሲታይ ነው። ባለቤቱ «ጠይቄ ነበር» ይላል፤ እውነቱን ነው። የተበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት ገዝቶ መጠየቅ ነው። ገንዘቡን አውጥቶ ለመጣ ሰው እውነቱን ደፍሮ የሚነግረው የለም፤ ቅስሙን ላለመስበር «እግዚአብሔር ያሳካልህ» ብለው ይሸኙታል። ምክር የሚጠቅመው «ዘንድሮስ ይቅርብህ» ሊባሉ በሚችሉበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ሻጩን ብቻ መጠየቅ ነው። እኔ የተጎዳሁት በዚህ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ከአንድ አናጺ ስገዛ ስለ እንጨቱ ጥንካሬ፣ ስለ ክዳኑ ቆርቆሮ ጠየቅሁ፤ ሁሉንም በደንብ መለሰልኝ። ንቦች የማር እንጀራ በሚሠሩባቸው የእንጨት ፍሬሞችና በቀፎው ግድግዳ መካከል ስላለው ክፍተት ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ እርሱም አያውቅ። ንቦች ለመተላለፊያ የሚተዉት ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል፤ ከጠበበ በሙጫ ይደፍኑታል። ኅዳር ላይ ማር ልቆርጥ ስከፍተው ፍሬሞቹ ከቀፎው ግድግዳ ጋር በእንጀራ ተያይዘዋል። አንዱን ስስበው እንጀራው ተቀደደና ማሩ እጮቹ ላይ ፈሰሰ። በዕድሜያቸው ሙሉ ንብ ያነቡ አንድ ጎረቤቴ መጡ፤ ትንሿን ጣታቸውን በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ሰደዱ። ያለ ችግር ገባች። «ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ብትጠራኝ በዚችው ጣቴ እለካልህ ነበር» አሉኝ። ስለዚህ ቀፎው ዘንድ የሚሄዱት ከአናቢ ጋር ይሁን። የቀፎውን ዋጋ ብቻ ይዘውም አይሂዱ፤ ኅብረ ንቡ (በአንድ ቀፎ አብረው የሚኖሩት ንቦች)፣ ማጨሻው፣ የፊት መሸፈኛው፣ ጓንቱ፣ ለፍሬሙ የሚታተመው ሰም ሁሉ ገንዘብ ነው። የማር ማጣሪያውን ግን ከጎረቤት ተውሶ መጀመር ይቻላል።

«ንብ ያዋጣል?» ብሎ መጠየቅም ምክር አያስገኝም። የሚመለስልዎ «እንዴታ፣ ያዋጣል» ነው፤ ይህን ይዘው ምን ያደርጋሉ? ይልቅ በዝርዝር ይጠይቁ። ባለፈው ዓመት ከዚህ ቀፎ ስንት ኪሎ ቆረጡ? ስንት ኅብረ ንብ ኮበለለብዎ? ጉንዳንን በምን ይከላከላሉ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ በበጋው አበባ ሲጠፋ ምን ያበሏቸዋል? በዚህ ጥያቄ አናቢውን ከወሬኛው ይለዩታል። የሚያውቀው ሰው ስለ በሶና ሽሮ፣ ስለ ስኳር ብጥብጥ፣ ቀፎው አጠገብ ስለሚቀመጥ ውኃ ሳይጠየቅ ይቀጥልልዎታል። «ንብ ራሷን ትመግባለች» ያለዎትን አመስግነው ይለፉት። ማሩ ሁሉ ተቆርጦባት ረኃቡ ሲጸናባት ንብ ቀፎዋን ጥላ ትሄዳለች።

የተሳካለትን ብቻ መጠየቅም ያው ነው። ንቦቹ የጠፉበትን ሰው ፈልገው ያነጋግሩ፤ ብዙ ጊዜ ከባለ ማሩ ይልቅ እርሱ ነው ቀኑንና ምክንያቱን የሚያስታውሰው።

የሌላ አገር ምክርም አለ። ለደባርቅ ደጋ የሚሆነው ለመተማ ቆላ አይሆንም፤ አበባው የሚፈነዳበት ጊዜ ይለያያል፣ የማር መቁረጫውም እንዲሁ። የእርስዎን ጉዳይ የሚያውቀው በእግር የሚደረስበት አናቢና የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ነው። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ንብ የማያነበውን ጎረቤት መጠየቅን ነው። ንብ ለቀሰም እስከ 3 ኪሎ ሜትር ልትርቅ ትችላለች። በዚያ ዙሪያ ሽምብራው ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ካለ መቼ እንደሚረጭ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ አበባ ላይ ባይረጭ፣ ካልሆነም ንብ ከገባች በኋላ አመሻሹ ላይ ቢረጭ ንቦችዎ ይተርፋሉ።

በመጨረሻ፣ ሰምተው ብቻ አይመለሱ። አናቢው ቀፎውን በሚከፍትበት ምሽት አብሬ ልቁም ብለው ይለምኑት። የፊት መሸፈኛ ያድርጉ፣ ደማቅ ሽታ ያለው ሽቶ አይቀቡ፣ እጅዎን አያወናጭፉ። ጭሱ ሲገባ ድምፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ፣ በሰም የታሸገው እንጀራ ካልታሸገው በምን እንደሚለይ ያያሉ። ምናልባትም ይነደፋሉ። የነደፈዎት ቦታ ብቻ ቢያብጥ የተለመደ ነው። ሰውነትዎ ሁሉ ካሳከከ፣ ከንፈርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቀፎ የመግዛቱንም ነገር ሐኪም ሳያማክሩ አያንሱት።