እናታችሁን ስታስመረምሩ እናንተ አታስተርጉሙ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «እማዬ የመርሳት በሽታ ሳይኖርባት አይቀርም አሉን፣ ምን ይሻላል?» አራተኛው ሳይደውል ልጻፈው።

እዚህ አሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ሞካ የሚባለውን ፈተና ነው። ከ30 ይታረማል። ኩብ አስመስለሽ ሳዪ፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቅሽ አገናኚ፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ውረጂ። እርሳስ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ኩብ ስላልሳለች ጭንቅላቷ ተነካ ሊባል ነው? ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። አንድ! ኮሌጅ ላልገባውም ፊደል ላልቆጠረውም እኩል።

የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። እማዬን ስወስዳት «አማርኛ እኔ አለሁላት» ብዬ አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ። ዓመቱን ጠየቋት፤ በኛ አቆጣጠር መለሰች። ተሳስታለች ተባለ። ቀጥሎ ሰዓት ሳዪና 11 ከ10 አድርጊው አሏት። እኔ ሞኙ ቃል በቃል «አስራ አንድ ሰዓት ከአስር» አልኳት። አጭሩን ዘንግ 5 ላይ አሳረፈችው። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሳሎናችን ሰዓት የሚያሳየው 5ን ነዋ! ይህ የገባኝ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ደግሞ ከሚታወሱት አምስት ቃላት አንዱ የአበባ ስም ነው። አማርኛው ጠፋኝና «አደይ አበባ» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያን» የሚለውን ስትረሳ አላስቻለኝም፣ ሹክ አልኳት። ውጤቱ የሷ ይሁን የኔ እንጃ።

ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ያውም በአካል ወይም በቪዲዮ። በስልክ ያለ ሰው ሥዕሉን አያይም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። «ልጇ አለ አይደል?» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ስንት ዓመት እንደተማረች፣ መነጽሯን፣ የጆሮዋን ነገር፣ የኛን ዘመንና ሰዓት አቆጣጠር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ሩዳስ የሚባል ሌላ ፈተናም አለ። ሲድኒ ውስጥ ቋንቋና ትምህርቱ ለሚለያይ ሕዝብ የተሠራ ነው። ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና አስታውሺ ይላል፣ መንገድ እንዴት እንደምትሻገሪ ንገሪኝ ይላል። ኩቡ ግን እዚያም አልቀረም።

ፈተናው ማጣሪያ ብቻ ነው። የቢ12 እጥረት፣ ታይሮይድና ድብርትም ያስረሳሉ፣ ይታዩላት። ሽሮ ጥዳ እየረሳች፣ የምታውቀው መንገድ እየጠፋባት «እርጅና ነው» ብላችሁ ቤት የምታስቀምጧትም አላችሁ። እናንተ ትብሳላችሁ።

እማዬ በአስተርጓሚ እንደገና ተፈተነች። ዘንጉን ዘንድሮም 5 ላይ አደረገችው። አስተርጓሚዋ ምክንያቱን ለሐኪሙ አስረዳችው።