በእንግሊዝ ከሱቅ ዕቃ በመውሰድ ለመጀመሪያ ጊዜ የፖሊስ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ምን ያድርግ?

በእንግሊዝና በዌልስ ሳይከፍሉ ከሱቅ ዕቃ ሲወስዱ ተይዘው፣ ጥፋታቸውን አምነው «ኮሽን» የሚባለውን የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ፈርመው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች፣ ከዚያች ቀን በኋላ ሥራም መኖሪያ ፈቃድም የሚከለከሉ ይመስላቸዋል። ማስጠንቀቂያው ግን የፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ውሳኔ አይደለም፤ በፖሊስ መዝገብ ተይዞ ስለሚቆይ ደግሞ እንዳልነበረ መቁጠርም አይቻልም። እንደ እኔ እምነት ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው በኋላ በሚሞላው ቅጽ ላይ የተጠየቀውን መደበቁ፣ ወይም ያልተጠየቀውን ደንግጦ መናገሩ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ የተሰጠዎትን ወረቀት አውጥተው በእርጋታ ያንብቡ። ቀኑን፣ የጥፋቱን ስምና ማስጠንቀቂያው ቅድመ ሁኔታ ያለበት መሆን አለመሆኑን ይለዩ፤ ቅድመ ሁኔታ ካለበትና ሳይፈጽሙት ከቀሩ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በፖሊስ ጣቢያ ነፃ የሕግ ምክርና አስተርጓሚ ማግኘት መብትዎ ነው፤ የሚነገረውን ሳይረዱ ፈርመው ከሆነ መዝገቡ እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ሳይዘገዩ ጠበቃ ያማክሩ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ሱቁን ወክሎ የሚሠራ ድርጅት የገንዘቡን መጠን በደማቅ ቀለም አጉልቶ፣ በተወሰነ ቀን ካልከፈሉ ፍርድ ቤት እንደሚወስድዎት የሚገልጽ ደብዳቤ ሊልክልዎት ይችላል። ይህ ደብዳቤ ቅጣት አይደለም፤ ከፖሊስም ከፍርድ ቤትም አልመጣም። በድንጋጤ ተበድረው ከመክፈልዎ በፊት ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባለው ነፃ የምክር አገልግሎት ይዘውት ይሂዱ። ከፍርድ ቤት የተላከ የክስ ቅጽ ከሆነ ግን የመልስ መስጫው ጊዜ አጭር ስለሆነ ለአንድ ቀን እንኳ ችላ አይበሉት። ሱቁ እንዳይገቡ አግዶዎት ከሆነ፣ ለመክፈል አስበው ቢሆንም እንኳ አይግቡ።

ሥራን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የአጥፊዎች መልሶ መቋቋም ሕግ መሠረት ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ማስጠንቀቂያ በተሰጠበት ቅጽበት ጊዜው እንዳለፈ ይቆጠራል። በመሆኑም ለተራ ሥራ ስለ ወንጀል ታሪክ ቢጠየቁ ይህን የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ዲ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የወንጀል ታሪክ የሚያጣራ መሥሪያ ቤት በሚሰጠው፣ ቤዚክ በሚባለው የምስክር ወረቀት ላይም አይታይም። በትምህርት ቤት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ወይም በነርስነት ለመቀጠር የሚጠየቀው ስታንዳርድ ወይም ኢንሃንስድ የሚባለው ማጣሪያ ግን የተለየ ነው። ለአዋቂ ሰው በስርቆት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ በእነዚህ ላይ ለ6 ዓመት ይታያል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ከምስክር ወረቀቱ ይወጣል። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት የትኛው ማጣሪያ እንደሚፈለግ ቀጣሪውን ይጠይቁ። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅዎ ከሆነ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በእነዚህም ላይ በራሱ አይታይም፤ ይህን ለልጁ ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ትምህርቱንና ተስፋውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይህን ባለማወቅ ነውና።

የእኛ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዜግነት ማመልከቻ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ1974ቱ ሕግ ጥበቃ ለዜግነት ጉዳይ አይሠራም፤ ቅጹ ማስጠንቀቂያንም ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም መጻፍ አለበት። አንድ የቆየ ማስጠንቀቂያ ብቻውን ማመልከቻውን ውድቅ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ መደበቁ ግን ራሱን የቻለ የመከልከያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አጻጻፉ አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን ከሱቅ ዕቃ ሳልከፍል በመውሰዴ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥፋት የለብኝም።» ቀኑ ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወረቀቱ ከጠፋብዎት በፖሊስ ዘንድ ያለውን የራስዎን መዝገብ ቅጂ በነፃ መጠየቅ ይችላሉ።