የውቅያኖስ ሙቀት ስሌት አልገጥም ሲል፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሔ

የመንዝና የጣርማበር በልግ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የውቅያኖስን የሙቀት ገቢና ወጪ ማስላት ቅንጦት አይደለም። አሃድ ማመሳከርንና የፍርግርጉን ስፋት በኬክሮስ ማስተካከልን ታውቃላችሁ ብዬ ወደ ብልሽቶቹ እገባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ የገጽ ፍሰቶች ሲደመሩ ውቅያኖሱ በካሬ ሜትር ከ10 ዋት በላይ የሚያተርፍ ይመስላል። መንስኤ፦ የጨረሩ፣ የትነቱና አየሩ በንክኪ የሚወስደው ሙቀት ግምቶች ስህተት ከምንፈልገው 1 ዋት የማይሞላ መጠን ይበልጣል። መፍትሔ፦ ለዓለም አቀፍ ድምር ይህን መንገድ ተዉት።

ምልክት፦ የገጹ ሙቀት ሲጨምር በውቅያኖሱ ውስጥ ያለው የሙቀት ክምችት አይከተልም። የኢንፍራሬድ ሳተላይት የሚያየው ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ የላይ ሽፋን ነው፤ ስለ ጥልቁ አይናገርም።

ምልክት፦ ውቅያኖሱ መሞቁን ያቆመ ይመስላል። ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። በሳተላይት ከተለካው የባሕር ከፍታ ላይ ግሬስ (የምድርን ስበት የሚለኩ ሳተላይቶች) የሚለካውን የውሃ ክብደት ስንቀንስ በሙቀት የመጣው መስፋፋት ይቀራል። አንድ ሚሊ ሜትር መስፋፋት ወደ 7 ዜታጁል (1 ዜታጁል ከ1 በኋላ 21 ዜሮ ያለው ጁል ነው) ሙቀት ነው፤ በዓመት ሲታሰብና ለመላው የምድር ገጽ ሲካፈል በካሬ ሜትር 0.4 ዋት ገደማ። ከሚሊ ሜትር ያነሰ ግድፈት ውጤቱን የሚገለብጠው ለዚህ ነው።

መንስኤው የምድር ቅርፊት እርማት ነው። የበረዶ ዘመኑ ግግር ከቀለጠ ወዲህ ቅርፊቱና ከሥሩ ያለው ዓለት እስካሁን በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ለከፍታ መለኪያው በዓመት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስበት ለሚለካው ግሬስ ግን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ሆኖ ይታያል። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር አንድ ኮድ ውስጥ 0.3 ለሁለቱም ተጽፎ አይቻለሁ፤ እሱን የተጠቀመ ሁሉ ሙቀቱን በ0.3 ዋት አጋንኖ ያወጣል። የባሰው ደግሞ እርማቱን ሁለት ጊዜ መጨመር ነው። ማስኮን የተባሉት የግሬስ ፋይሎች ተስተካክለው ነው የሚለቀቁት፤ እንደገና ማስተካከል ጨው በገባበት ወጥ ላይ ጨው መድገም ነው። አንድ ተማሪ ጽሑፉን ሊያስገባ ሲል ጠፍጣፋ መስመር ይዞ መጣ፤ ስለ ውቅያኖሱ መቀዝቀዝ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎበታል። የፋይሉን መግለጫ አብረን ከፈትን። «አይስ-6ጂ» የሚለው የእርማት ሞዴል ስም እዚያው ሰፍሯል። እሱ የጨመረውን መስመር ስንሰርዝ ሙቀቱ ተመለሰ፤ ምዕራፉ ግን ወደቀ።

መፍትሔ፦ ከማንኛውም ስሌት በፊት መግለጫውን አንብቡ። አደራ፣ የሰው ኮድ ሳትከፍቱ አታስኪዱ። ከዚያ ውጤቱን ከ2005 እስከ 2015 ካለው፣ የውቅያኖሱን ውስጥ ሙቀት ከሚለኩት የአርጎ ተንሳፋፊዎች መረጃ ጋር አስተያዩ።

ምልክት፦ ምድር የምትቀበለውንና የምትመልሰውን ጨረር ከሕዋ ከሚለካው ሴረስ ጋር እጅግ ያማረ መመሳሰል። አትደሰቱ። ኢባፍ የተባለው የሴረስ ውጤት አማካዩ አስቀድሞ በአርጎ ላይ ተመሥርቶ ወደ 0.71 ዋት የተስተካከለ ነው። አማካዩን እንደ ሁለተኛ ምስክር አትጥሩት፤ መመስከር የሚችለው ስለ ለውጡ ነው።

ጥቂት ብርቅዬዎች፦ ከባሕር ዳርቻ 300 ኪሎ ሜትር ውስጥ የግሪንላንድ በረዶ መቅለጥ በግሬስ ልኬት ላይ የውቅያኖሱ ለውጥ መስሎ ይገባል፤ ያን ዳርቻ ከስሌቱ ሸፍኑት። ከ2017 አጋማሽ እስከ 2018 አጋማሽ ግሬስ የለም፤ ክፍተቱን በቀጥታ መስመር አትሙሉት። መብራት ጠፍቶ ማውረዱ የተቋረጠ ፋይል ያለ ማስጠንቀቂያ ሊከፈትና የመጨረሻ ወራቱን ባዶ ሊያሳይ ይችላል፤ መጠኑን ከምንጩ ጋር አመሳክሩና እንደገና አውርዱት።