ቦንዡር ሳይሉ ባጌት፦ በፈረንሳይ ባለጌ የሚያስመስሉን ስህተቶች

ለጀማሪዎች ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፓሪስ ወይ ሊዮን ከደረሱ በኋላ ይደውሉልኛል። «ሰዎቹ ፊት አይሰጡም፣ ኩራታቸው!» ይሉኛል። ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስትገቡ ቦንዡር (ጤና ይስጥልኝ) ብላችኋል?

ዝም።

ያለ ቦንዡር መጀመር

ዳቦ ቤት ገብቶ «አንድ ባጌት፣ ሲል ቩ ፕሌ» ማለት ለእኛ ጨዋነት ነው። «እባክዎ» ተብሏል እኮ! ለሻጯ ግን ሰላም ያላላት ሰው እያዘዛት ነው። እኛስ ቤታችን ገብቶ፣ ሰላም ሳይል ውሃ የሚጠይቀንን ምን እንለዋለን? ፋርማሲ ቦንዡር ይፈልጋል። የአውቶቡሱ ሾፌር ይፈልጋል። ሐኪም ዘንድ ወረፋ የሚጠብቁት የማታውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይፈልጋሉ።

በሰዋስው የሚያህለው ያልነበረ አንድ ተማሪዬ ቲኬት መቁረጫ መስኮት ላይ ቆሞ እንከን የሌለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሠራተኛዋ እስኪጨርስ ጠብቃ «ቦንዡር» አለችው። አልሰማችኝም ብሎ ጮክ አድርጎ ደገመላት። እሷም ደገመችለት። ከኋላው የቆሙት ነገሩ ገብቷቸው ሲስቁ እሱ ገና ግስ እያረመ ነበር።

በኒስ ከተማ ላ ፔቲት ሲራ የሚባል ካፌ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የሰቀለውን የዋጋ ሰሌዳ ለክፍሌ ሁሉ እነግራለሁ። «አንድ ቡና» ላለ 7 ዩሮ። «አንድ ቡና፣ እባክዎ» ላለ 4.25። ቦንዡር አስቀድሞ እባክዎ ላከለ 1.40። ቀልድ ነበር፤ ግን የሚያስቀው እውነት ስላለበት ነው።

ሲመሽ ቦንሷር። ቦን ንዊ ግን ለሚተኛ ሰው ነው። ማታ ከሱቅ ስትወጡ አትበሉት።

ቱ እና ቩ

ቱ «አንተ»፣ ቩ «አንቱ» ነው፤ አንተና አንቱ ላለን ሰዎች ቀላል መሆን ነበረበት። ችግሩ የእኛ አንቱታ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። እዚያ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። የስልሳ ዓመት አዛውንት የሃያ ዓመቷን ሻጭ ቩ ይሏታል፤ እሷም እንዲሁ። ታናሻችሁ ስለሆነ ብቻ የማታውቁትን ሰው ቱ አትበሉ። በቱ እንነጋገር የሚለው ሐሳብ ከታላቁ ወይም ከአለቃው ይምጣ። አንዴ ከተስማማችሁ ደግሞ ወደ ቩ አትመለሱ፤ የተቀየማችሁ ይመስላል።

ማዕድ ላይ መግደርደር

ይሄኛውን በፍቅር ነው የምናገረው፤ አንጀቴን ይበላዋል። እንግዳው ሦስቴ «በቃኝ» ይላል፣ ባለቤት «በሞቴ» ትላለች፣ ከዚያ ይበላል። ይህ የእኛ ነው። ፈረንሳይ ቤት «ኖን፣ መርሲ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ካላችሁ ሳህኑ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ፤ ልመና የለም። እጅ እየነቀነቁ «መርሲ» ብቻ ማለትም እምቢታ ሆኖ ይወሰዳል። ከፈለጋችሁ «ዊ፣ አቬክ ፕሌዚር» (አዎ፣ በደስታ) በሉ። በርካታ የሀበሻ ልጆች ከተንበሸበሸ ማዕድ ተርበው ተነስተዋል።

ስትጠግቡ ደግሞ፣ በተለይ ሴቶች፣ «ዠ ስዊ ፕሌን» (ሞልቻለሁ) እንዳትሉ። ላረገዘች ላም የሚባል ነው። «ዠ ኔ ፕሉ ፋን» (ከእንግዲህ አልራበኝም) በቂ ነው።

ቤት ስትጋበዙ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ማርፈድ ነውር የለውም። ቀድሞ መድረስ ነው ነውሩ።

ላ ቢዝ

የሰላምታ መሳሳም ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ነው፤ ከንፈር አየር ይስማል። ፓሪስ ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ሞንፔልዬ አካባቢ ሦስት። እነሱ ይጀምሩ፣ እናንተ ተከተሉ። እቅፍ አድርጎ ትከሻ መምታት ይቅር፤ ለእነሱ ማቀፍ ከመሳም የበለጠ ቅርበት ነው።

የቀሩት

«ዠ ቨ» (እፈልጋለሁ) የሕፃን ቋንቋ ነው፤ «ዠ ቩድሬ» (እፈልግ ነበር) በሉ። አስተናጋጅ «ጋርሶን» (ልጅ) ተብሎ አይጠራም፤ «ሙስዩ» ወይም «ማዳም» ይበቃል። ወጣት ሴትንም «ማዳም» በሏት። «ማድሟዜል» (ወይዘሪት) ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመንግሥት ቅጾች እንዲወጣ ተደርጓል። አበባ ይዛችሁ ስትሄዱ ክሪሳንተም አይሁን፤ ኖቬምበር መግቢያ ላይ መቃብር የሚያለብሱት በእሱ ነው።